ለወላጆቻችን መስኮት አንምረጥላቸው

ልጅ አሜሪካ ሆኖ ለእናቱ ቲኬት ይቆርጣል። ቪዛው ከስንት ቀጠሮ በኋላ ተመቷል፤ በርበሬው ተፈጭቷል፣ ሽሮው ተነፍቷል፣ ሻንጣው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመዝኗል። የቀረው ወንበር መምረጥ ነው። በዚህ ላይ በቤተሰቡ መካከል ክርክር አይነሳም። «መስኮት ጋ አድርግላቸው፤ እያዩ ይምጡ» ይባላል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ወንበሩ ይያዛል። ለእናትና ለአባት የሚገባው መስኮት እንደሆነ አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ስለሆነ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ይህ ልማድ ስህተት ነው እላለሁ፤ ትንሽ ስህተትም አይደለም። በረጅም በረራ ላይ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆች፣ መስኮት ዳር ያለው ወንበር በአውሮፕላኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ የከፋው ነው። ያከበርናቸው እየመሰለን መውጫ ዘግተንባቸው እንልካቸዋለን። የሚገባቸው መተላለፊያው ዳር ያለው፣ ቲኬት ቆራጮች «አይል» የሚሉት ወንበር ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቀውን መንገድ እንውሰድ፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን። ርቀቱ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛና ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ ከዚያ መነሳት ለአውሮፕላኑ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። በዚያ ማረፊያ ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥለው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ አይወርድም። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ከቦሌ ተነስቶ የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስኪደረስ ከ15 ሰዓት በላይ ያልፋል። ሲመለስ በረራው ቀጥታ ነው፤ እሱም 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የምንመርጠው ወንበር እንግዲህ አንድ ሙሉ ሌሊትና ግማሽ ቀን የሚኖሩበት ወንበር ነው።

«እያዩ ይምጡ» ስንል ምኑን ነው የሚያዩት? ከቦሌ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በአብዛኛው የሚነሱት በምሽትና በእኩለ ሌሊት ነው። የከተማው መብራት ለጥቂት ደቂቃ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ሰሃራ በጨለማ ይታለፋል። ሲነጋ አውሮፕላኑ ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ከታች ደመና፣ ከደመናው በኋላ ደግሞ ለሰዓታት አትላንቲክ ነው። ክንፉ አጠገብ የደረሰው ሰው የሚያየው ክንፉን ነው። በዚህ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር መስኮቱ ላይ የሚወርድ መጋረጃ የለውም። መስታወቱ በአዝራር ይጠቁራል፤ መንገደኛው እንዲተኛ የበረራ አስተናጋጆች ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያጠቁሩት ይችላሉ። በሌሎቹም አውሮፕላኖች መጋረጃው እንዲዘጋ ይጠየቃል። የሚታይ ነገር ያለው በመነሻውና በማረፊያው ላይ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ሰዓት አይሞሉም። ለዚያ ሲሉ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ጥግ ተይዞ መቀመጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከእይታው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን መውጫው ነው። በድሪምላይነሩም በኤርባስ ኤ350ም ኢኮኖሚ ክፍል ውስጥ በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ወንበር አለ፤ ሦስት ሦስት ሆኖ በሁለት መተላለፊያ ተከፍሏል። መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ለመውጣት ሁለት ሰው ማስነሳት አለበት። ሁለቱ ተኝተዋል፤ አንዱ በብርድ ልብስ ተጀቡኗል፣ የሌላው የምግብ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ቋንቋቸውም ላይገናኝ ይችላል። የሠላሳ ዓመት ወጣት «ይቅርታ» ብሎ ያልፋል። ወላጆቻችን ግን በይሉኝታ ያደጉ፣ ሰው ማስቸገርን እንደ ነውር የሚቆጥሩ፣ በሰው ቤት ተርበው «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የሚሉ ሰዎች ናቸው። የማያውቁትን ሰው ትከሻ ነክተው ከእንቅልፉ መቀስቀስ፣ ያውም ለሽንት፣ ለእነሱ ቀላል ነገር አይደለም። ለእናቶች፣ አጠገባቸው ያለው ወንድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንድ ጊዜ ያስነሱ ይሆናል። ሁለተኛ ግን ከማስነሳት መታገሥን ይመርጣሉ።

ትዕግሥቱ የሚጀምረው ከውኃው ነው። ላለመነሳት አይጠጡም። አስተናጋጇ ውኃ ይዛ ስትመጣ በእጃቸው ይመልሷታል፤ ሻዩንም ይተዉታል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እርጥበቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ አፍና ዓይን ያደርቃል። ደረቁ አየር ብቻውን ግን ሰውነትን ውኃ አያሳጣም፤ የሚያሳጣው ከመጠጣት መታቀቡ ነው። ለደም ግፊት ከሚታዘዙት ኪኒኖች አንዳንዶቹ ሽንት ያበዛሉ፤ ስኳር ያለበት ሰውም ቶሎ ቶሎ ሽንት ይመጣበታል። ስለዚህ ከውኃው አልፈው የዚያን ቀን ኪኒን የሚዘሉ አሉ። ይህን ሁሉ ለማንም አይናገሩም። ደለስ ላይ አበባ ይዞ የጠበቀው ልጅ «ጉዞው እንዴት ነበር?» ሲላቸው መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆንኩም» ነው። ልጁም መስኮቱ መልካም ምርጫ እንደነበር ያምናል፤ ለሚቀጥለውም እንዲሁ ይመርጣል። ልማዱ ዕድሜ ያገኘው በዚህ ነው። የተቸገረው ስለማይናገር የመረጠው አይማርም።

ችግሩ በሽንትና በጥም ብቻ ቢያበቃ እንኳ ለመቃወም በቂ ምክንያት ነበር። ግን አያበቃም። ስንራመድ የባታችን ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደም ሥሮቹን እየጨመቀ ደሙን ወደ ልብ ይመልሰዋል። ጉልበት ታጥፎ ለሰዓታት ሲቀመጡ ይህ ሥራ ይቆማል። ደሙ እግር ላይ ይዘገያል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ አንዳንዴም በጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተላቆ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። ለዚህ በአየር ላይ መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ብዙ ሰው መጠለያ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። ኪት ሲምፕሰን የተባለው አስከሬን መርማሪ ሐኪም ወደ ሳንባ በሄደ የረጋ ደም የሚሞቱት በእነዚያ መጠለያዎች መብዛታቸውን በዚያው ዓመት ጽፎ አሳወቀ። ከቦምቡ የሸሹትን ሰዎች የገደላቸው ሌሊቱን ሙሉ ሳይነሱ መቀመጣቸው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረው ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያ ክፍሉን ውጤት ሲያወጣ፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚያሳድገው ገለጸ፤ በአውሮፕላንም፣ በአውቶቡስም፣ በባቡርም፣ በመኪናም። አደጋው የሚብስባቸውንም ለይቷል፤ ከመጠን በላይ የወፈሩ፣ እጅግ ረጃጅሞች፣ ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የሚወስዱ። ከእናቶቻችን ስንቶቹ ናቸው ከ1 ሜትር ከ60 የማያልፉት! እግራቸው ወለሉን በደንብ ስለማይረግጥ የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበታቸው ሥር ይጫናቸዋል።

የሆላንድ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከበረራ በኋላ ደም የረጋባቸውን ሰዎች ካልረጋባቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። መስኮት ዳር የተቀመጡት መተላለፊያ ዳር ከተቀመጡት ይልቅ አደጋው በእጥፍ ገደማ በልጦባቸው ተገኘ፤ በጣም በወፈሩት ላይ ልዩነቱ ከዚያም የሰፋ ነበር። ጥናቱ ጥቂት ሰዎችን የያዘ ስለሆነ ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም። ይሁንና የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጡ የረጅም ጉዞ መንገደኞች ቶሎ ቶሎ እንዲራመዱ፣ ባታቸውን እንዲያሠሩ፣ ከተቻለም መተላለፊያ ዳር እንዲቀመጡ መክሯል። ሐኪሞች የወንበር ምርጫን በመመሪያ ላይ ሲጽፉ ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ሊገባን ይገባል።

«ይህ እኮ ስንት ጊዜ አንዴ የሚደርስ ነገር ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ በሚሆን በረራ ለጤነኛ ሰው ዕድሉን ከ6 ሺህ አንድ ገደማ ያደርገዋል። ነገር ግን ጥናቶቹ ካተኮሩባቸው መካከል የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞች ነበሩበት፤ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ መብረር የለመዱ፣ ሲፈልጉ ተነስተው የሚንጎራደዱ ሰዎች። የጉልበት ሕመም ያለባቸው፣ ግፊትና ስኳር ያለባቸው፣ የሰባ ዓመት እናት በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። ዕድሜ ብቻውን እንኳ ደም የመርጋትን ዕድል ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ሕመሙ የሚገለጠው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል ከጉዞው ጋር የሚያገናኘው ሰው ጥቂት ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባት ካመመና ከሞቀ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ «የጉዞ ድካም ነው» ብሎ መተኛት አይገባም፤ በቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከሁሉም የሚበረታው ነው፤ መስኮት ዳር ያለ ሰው ከሌላው ጋር ስለማይነካካ ጉንፋኑም ሌላውም አይይዘውም ይባላል። ከባዶ የተነሳ አይደለም። በአሜሪካ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲና የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በ10 በረራዎች ላይ የመንገደኞችን እንቅስቃሴ መዝግበው፣ መስኮት ዳር የተቀመጡት ከሌላ ሰው ጋር የሚቀራረቡበት ጊዜ ከሁሉም ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። የዚያው ጥናት ሌላው ግኝት ግን ይህ ነው፤ መተላለፊያ ዳር ከነበሩት 80 በመቶው ከወንበራቸው ሲነሱ፣ መስኮት ዳር ከነበሩት የተነሱት 43 በመቶ ብቻ ናቸው። ያውም በሦስት ሰዓት ተኩልና በአምስት ሰዓት መካከል በሚያልቅ የአገር ውስጥ በረራ፣ ቋንቋው በጋራ በሚነገርበት አውሮፕላን። ከሰው መራቁም አለመነሳቱም የመጡት ከአንድ ምክንያት ነው፤ ሰውየው ጥግ ተይዟል። ለጉንፋኑ ጭምብል አለ፤ ለመቀመጡ ግን ከመነሳት በቀር መድኃኒት የለውም።

ሦስተኛው የእንቅልፍ ነገር ነው። መስኮት ዳር ግድግዳውን ተደግፎ መተኛት ይቻላል፤ ማንም አይቀሰቅስም። ይህን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን ለስምንት ሰዓት ሳይነቃነቁ፣ አንገት ወደ አንድ ጎን ታጥፎ መተኛት ለሰባ ዓመት ሰው ምን ዓይነት ጥቅም ነው? ሐኪሞች ለረጅም በረራ የእንቅልፍ ኪኒን አይመከርም የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰው ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ ስለሚያደርግ። ለአንገት የሚሆን ትራስ ይያዝላቸው፣ መተላለፊያውም ዳር ይተኙ። ጎረቤት ለመውጣት ቢያስነሳቸው ጥሩ ነው፤ ያለ ይሉኝታ ለመነሳት ምክንያት ይሆናቸዋል።

«መተላለፊያ ዳርማ የምግቡ ጋሪ ይገጫቸዋል፣ በየሰዓቱም ይነሳሉ» የሚሉትም አሉ። ክርንና ጉልበት ወደ ውስጥ መሰብሰብ እንዳለበት አስቀድሞ መንገር ነው። መነሳቱ በዝቷል ለሚል ደግሞ የወንበሩ አደራደር ራሱ መልስ አለው። በግራና በቀኝ ክንፍ በኩል መተላለፊያ ዳር የተቀመጠ ሰው ከውስጥ ሁለት ሰው ያስነሳዋል። በመካከለኛው ሦስት ወንበር ግን በሁለቱም ጫፍ መተላለፊያ አለ፤ መሐል ያለው አንድ ሰው በፈለገው በኩል ይወጣል። ስለዚህ በመካከለኛው ረድፍ ጫፍ የተቀመጠ ሰው ሲፈልግ ይነሳል፤ የሚያስነሳው ቢበዛ አንድ ሰው ነው። ለወላጆቻችን ከዚህ የተሻለ ወንበር በኢኮኖሚ ክፍል የለም። ልጅ አብሮ የሚጓዝ ከሆነ እናት በጫፉ፣ ልጅ ከጎናቸው ይቀመጥ። በብዙ አውሮፕላኖች ላይ በመተላለፊያው በኩል ያለው የክንድ ማሳረፊያ ከሥሩ፣ ወደ መታጠፊያው በኩል፣ ትንሽ መክፈቻ አለው፤ ሲጫኑት ወደ ላይ ይነሳል። አስተናጋጇን ቢጠይቋት ታሳያቸዋለች። ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ወደ ጎን ዞሮ መነሳት ትልቅ እፎይታ ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው የክብር ነገር ነው፤ የልማዱም ሥር ይመስለኛል። በቤታችን ትልቅ ሰው ሲመጣ «ወደ ውስጥ ይለፉ፣ ከፍ ይበሉ» ብለን ከበሩ ራቅ ያለውን ቦታ እንሰጣለን። በዚያ ቤት ግን የተከበረው ሰው መነሳት አያስፈልገውም፤ ውኃው ይቀርብለታል፣ እጁን ይታጠባል፣ ሲነሳም ቤተኛው ሁሉ ይነሳል። አውሮፕላን ውስጥ ከፍ ያለው ቦታ ሎሌ የለውም። ከውስጥ ያለው ሰው ለሁሉም ነገር የሌላውን ፈቃድ ይለምናል። ክብር ማለት ሰው ሳይለምን የሚፈልገውን ማግኘት ከሆነ፣ በአውሮፕላን ላይ የክብር ቦታው መተላለፊያው ዳር ነው።

«እናቴ ራሳቸው መስኮት ነው የምፈልገው ብለውኛል» ለሚል ሰው የምለው ይህ ነው፤ ምርጫው የእሳቸው ነው፣ እኔም አልነጥቃቸውም። ግን ምን ተብለው ተጠየቁ? «መስኮት ይሻልዎታል?» ተብለው የተጠየቁ ሰው ልጃቸው የወደደላቸውን ይወዳሉ። «15 ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልጉ ሁለት ሰው ማስነሳት ይሆንልዎታል ወይስ ራስዎ ተነስተው መሄድ ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ይህን ሰምተው መስኮት ካሉ መስኮት ይሁንላቸው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ብዙ ወላጆች መራመድ እየቻሉ፣ አየር ማረፊያው ስለሚሰፋና ቋንቋው ስለሚያስቸግራቸው ብቻ ዊልቸር ይጠየቅላቸዋል። ጨርሶ መራመድ የማይችልን መንገደኛ አንዳንድ አየር መንገዶች በአደጋ ጊዜ የሌላው መውጫ እንዳይዘጋ ብለው መስኮት ዳር ያስቀምጡታል። የዊልቸር አገልግሎት ሲመዘገብ ደረጃ አለው፤ ርቀት ብቻ የሚያስቸግረው ግን ደረጃ መውጣት የሚችል፣ ደረጃ መውጣት የማይችል ግን እስከ ወንበሩ የሚራመድ፣ እስከ ወንበሩ በሰው እርዳታ የሚወሰድ። ወላጆቻችሁ ከየትኛው እንደሆኑ በትክክል አስመዝግቡ፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ራሳቸው እንደሚራመዱም ግልጽ አድርጉ።

መስኮትን ጨርሶ የምጠላ አይደለሁም። ወላጆቻችን አገራቸውን ከላይ ማየት ይገባቸዋል። ለዚያ የሚሆነው በቀን የሚደረገው አጭር በረራ ነው። ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ጣናን፣ ወደ ላሊበላ ሲሄዱ የላስታን ተራሮች፣ ወደ ጎንደር ሲሄዱ አባይ የፈለፈለውን ገደል ማየት ይቻላል፤ ሁሉም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ መስኮቱን ስጧቸው። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጅዳ ለሚሄድ ጤነኛ ሰውም ቢሆን ብዙ አልከራከርም። ሰዓቱ ሲረዝም ግን መመዘኛው መለወጥ አለበት።

ለውጡ ምንም ያህል አይከብድም። ቲኬት ሲቆረጥ የመካከለኛውን ረድፍ ጫፍ መምረጥ፣ ከሽንት ቤቱ ብዙ ሳይርቅ ግን ከበሩ ትይዩ ሳይሆን። ውኃ እንዲጠጡ፣ ኪኒናቸውን በሰዓቱ እንዲወስዱ፣ ሰዓት በሰዓት ተነስተው እንዲራመዱ፣ ተቀምጠውም ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ እንዲያደርጉ መንገር። እግር የሚያብጥባቸው ከሆነ ከጉልበት በታች የሚለበሰውን ጥብቅ የሕክምና ካልሲ ሐኪም ጠይቆ መግዛት፤ በረጅም በረራ ላይ ምልክት የማያሳይ የደም መርጋትን እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ደም ረግቶባቸው የሚያውቅ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወይም ካንሰር ያለባቸው ከሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለልጆች ነው፤ ለወላጆች አይደለም። ወላጆቻችን መቼም ቢሆን «ወንበሬን ቀይርልኝ» አይሉንም፤ የሰጠናቸውን ተቀብለው፣ ተጠምተውና ታግሠው ይመጣሉ፤ መጥተውም ያመሰግኑናል። ስለዚህ ጥያቄው ከእነሱ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም። ቲኬቱን የምንቆርጠው እኛ ነን፤ ወንበሩን የምንመርጠውም እኛ ነን፤ የመረጥነው ወንበር ለሚያደርስባቸው ሁሉ ተጠያቂዎቹም እኛ ነን። በእጃችሁ የተያዘ ቲኬት ካለ ዛሬውኑ ክፈቱትና ወንበሩን እዩ፤ መስኮት ከሆነ ቀይሩት።